ዓይኑ የጠፋበት ገበሬና አስታማሚው

ዓይኑ የጠፋበት አንድ ገበሬ ነበረ።

እማሆይ ወለተ ሰንበት ነገሩን እንዲህ ብለው ድንገት ጀመሩት። ትርንጎ የጠየቀቻቸው ግን ስለ ገበሬ አልነበረም። ትርንጎ በከተማው ዳርቻ ባለ መጠለያ ውስጥ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን የምትንከባከብ ወጣት ናት። ሰንበት ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እማሆይ ጎጆ ጎራ ትላለች። የዚያን ዕለት ፊቷ ጠቁሮ ነበር የመጣችው።

«እማሆይ፥ እትዬ አስካለ የሚባሉ አንዲት እናት አሉኝ» አለቻቸው። «አጥባቸዋለሁ፥ ልብሳቸውን እቀይርላቸዋለሁ፥ ፀሐይ አሞቃቸዋለሁ። አንድም ቀን ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እሳቸው ግን ማንኪያውን ሳቀርብላቸው አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ። ስነካቸው ይኮማተራሉ። እንዲያምኑኝ ምን ላድርግ? ከዚህ በላይ ደግነት ከየት ላምጣ?»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩና ስለ ገበሬው ይነግሯት ጀመር።

ይህ ገበሬ ዓይኑ ሳይጠፋ በፊት በአገሩ የተከበረ ሰው ነበረ። ባሻ ይሉታል። ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ የሚጠሩት እሱን ነው። መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ቃኘት ያደርግና «ድንበሩ እዚህ ጋ ነው» ይላል፤ ጠቡ በዚያው ያበቃል። እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን ያ ዓይኑ መጨለም ጀመረ። መጀመሪያ የክረምት ጭጋግ መሰለው። መስከረም ጠብቶ ሰው ሁሉ «ሰማዩ ጠራ» ሲል የእሱ ጭጋግ አልገለጥ አለ። እያደር ተራራው ጠፋበት፥ ከዚያ በሬዎቹ፥ በመጨረሻም የገዛ እጁ።

ክፉ ቤተሰብ አልነበረውም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። አንድ ልጁ ከነሚስቱ አብሮት ይኖራል። ልጁ አባቱን ይወዳል፤ ምራቱም ታከብረዋለች። ክፋቱ የመጣው በዚያው በፍቅራቸው በኩል ነው። እንዳያዝንባቸው ብለው ይዋሹት ጀመር።

በዚያ ዓመት ዝናብ አጠረና ልጁ ቦራ የሚባለውን በሬ ገበያ አውጥቶ ሸጠ። ቦራ አባትየው ከጥጃነቱ ጀምሮ ያሳደገው ነው። «ቦራ የት ሄደ? ድምፁን አልሰማ አልኩ» ሲል፥ «ለአማቾቼ ለእርሻ አውሼዋለሁ» አለው ልጁ። ሰንበትበት ብሎ አንድ እንግዳ ዝክር ሊቀምስ መጣና ጨዋታ መስሎት፥ «ቦራን የሚያህል በሬ ገበያ ወጥቶ ሳይ አንጀቴ ነው የተላወሰው» አለ። ሽማግሌው በእጁ የያዘውን ዋንጫ መሬት አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ደግሞ ሆዱን ሲያመው ኮሶ በጠላ ውስጥ ደብቀው አጠጡት። ገላዬን አልታጠብም ሲል የሰፈር ጎረምሶች ጠሩና እጅና እግሩን ይዘው አጠቡት። ንጹሕ ሆነ። ንጹሕ ሆኖ ግን ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ መደቡ ላይ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፥ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። የሰው ኮቴ ሲቀርበው ዱላውን ያነሣል። ወጥ አልበላም፥ ጠላ አልጠጣም አለ። የሚበላው ራሱ የሚልጠውን ብቻ ሆነ፤ የተቀቀለ እንቁላል፥ ድንች ከነልጣጩ፥ አንዳንዴም ቆሎ። እንቁላል ውስጥ ማንም ምንም አይደብቅማ።

አንድ ቀን ወደ ደጅ ሲወጣ፥ ዘወትር በሚያውቀው መንገድ ላይ ሞፈር አጋድመው ትተውት ኖሮ ተደናቅፎ ወደቀ። ሞፈሩ ቅልጥሙን ገሸለጠው። ሊያነሡት ሲሮጡ በዱላ አባረራቸው። ቁስሉን በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለለና ማንም እንዳያየው ጋቢውን ደረበበት።

አጨዳ ደረሰ። ልጁ ከእርሻ የማይለይበት ጊዜ ነውና አባቱን የሚጠብቅለት አስታማሚ ፈለገ። የመጡት ሁሉ ዱላ እየቀመሱ ተመለሱ። በመጨረሻ ምኒችል የሚባል አንድ ጎልማሳ ከወንዝ ማዶ መጣ። መሬቱን ጎርፍ የወሰደበት፥ ሚስቱም የሞተችበት ሰው ነው። ሚስቱን ስትታመም እስከ መጨረሻዋ ድረስ ያስታመማት እሱ ነበር። «ማስታመሙን እንኳ አውቅበታለሁ» ብሎ ነው የመጣው።

እንደ አንቺው ደግ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌውን እንዳያስደነግጠው ብሎ በጣቱ ቆሞ ገባ። በአንድ እጁ ትኩስ ወጥ ይዟል። አጠገቡ ሲደርስ በሌላ እጁ ትከሻውን ዳበስ አደረገውና፥ «አባቴ፥ እኔም ልጅዎ ነኝ፥ አይዞዎት፥ ትንሽ ይቅመሱ» አለው።

ዱላው ክርኑን አገኘው። ሳህኑ ወድቆ ተሰበረ፤ ወጡም መደቡ ሥር ፈሰሰ።

«ልጅስ አንድ አለኝ» አለ ሽማግሌው። «እሱም ይበቃኛል።»

ምኒችል ወጥቶ አጥሩ ሥር ተቀመጠና ክርኑን ያሸው ጀመር። ከክርኑ ይልቅ ያመመው ልቡ ነበር። ደግነቱ እንዲህ ሜዳ ላይ መፍሰሱ አንገበገበው። ተነሥቶ ወደ መጣበት ሊሄድ ዳድቶት ነበር። ግን ሚስቱ ትዝ አለችው። እሷስ እንዲህ አድርጋው አታውቅም፤ ለምን? ሲያስበው፥ እሷ ታየው ነበር። ገና በሩን ሲያልፍ ታየዋለች፤ በእጁ የያዘውን ታያለች፤ ፊቱን ታነባለች። ይህ ሰው ግን ማን እንደመጣ፥ ምን እንደያዘ የሚያውቀው ከተነካ በኋላ ነው። ሁልጊዜ ከጨለማ ውስጥ አንድ እጅ ይመጣበታል። ሰው እንደነገረው፥ ከእነዚያ እጆች አንዱ ኮሶ ደብቆ አጠጥቶት ያውቃል፤ ሌላው በግድ ይዞ አጥቦት ያውቃል። ምኒችል ይህን ሲያስብ ቁጣው በረደለት። ሊሄድ የነበረው ሰው ተመልሶ ሳህኑን ለቀመ።

በማግስቱ ከግቢው በር ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጣ። «ባሻ! ምኒችል ነኝ፥ የትናንቱ። ግቢው በር ላይ ነኝ።» ቀረብ ሲል፥ «አሁን ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። ብቻዬን ነኝ። በቀኝ እጄ የተቀቀለ ድንች አለ፥ በግራዬ ውሃ። ልግባ?»

ሽማግሌው ጆሮውን አቀና። «ወጥ አልያዝክም?»

«ምራትዎ ሰጥታኝ ነበር። እዚያው ትቼዋለሁ።»

«ድንቹን ደጃፉ ላይ አስቀምጠውና ሂድ።»

አስቀምጦት ሄደ። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ አደረገ፤ በሚቀጥለውም። እምቢ ሲባል ዕቃውን ይዞ ይመለሳል፤ አይለማመጥም፥ አይቆጣም። ቤተሰቡ ሳቀበት። «አዋጅ ነጋሪ ቀጠርን» ይባባሉ ጀመር። ምራትየዋ ግን ተጨነቀች። «ውሃውን እምቢ ሲሉህ ይዘህ ትመለሳለህ? በውሃ ጥም ሊሞቱ ነው እኮ!» አለችው። «ማሰሮውን አጠገባቸው አድርጌዋለሁ፤ ሲጠማቸው ራሳቸው ይቀዳሉ» አላት። እውነትም ሰው ሲርቅለት ሽማግሌው በእጁ እየዳበሰ ይቀዳ ነበር።

ሲወጣም ይናገራል። «ወንዝ ልወርድ ነው፤ የማታው ደወል ሳይደወል እመለሳለሁ» ይላል። ደወሉ ሳይደወል ይመለሳል። አንድ ቀን ወንዙ ሞልቶ አገደውና ሳይደርስ ቀረ። ሲመጣ ገና ከበሩ፥ «ባሻ፥ ዘግይቻለሁ። ደወሉን ከወንዙ ማዶ ሆኜ ሰምቼዋለሁ» አለ። ሽማግሌው ስለ ወንዙ ሰበብ እስኪሰማ ጠበቀ። ሰበቡ አልመጣም። «እህ» አለ ብቻውን።

እንግዲህ ይፈትነው ጀመር። የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ ይጠይቀዋል። አንድ ረፋድ ላይ፥ «አንተ ሰው፥ ቦራ የሚባል በሬ ነበረኝ። የት ነው ያለው?» አለው።

«እኔ ከመጣሁ ወዲህ በዚህ ቤት ቦራ የሚባል በሬ አላየሁም» አለ ምኒችል። «ልጅዎን ልጠይቅልዎት?»

«ጠይቅልኝ።»

ልጁ ሲጠየቅ ፊቱ ቀላ። «ውሰት ሄዷል በለው» አለ። ምኒችል ግን፥ «ይህን እኔ አልላቸውም። እውነቱን ካልነገርከኝ፥ ልጅዎ ሊነግረኝ አልፈለገም እላቸዋለሁ» አለው። ልጁ ብዙ ካመነታ በኋላ፥ «ሸጬዋለሁ» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። ምኒችል ተመልሶ ደጃፉ ላይ ቆመና፥ «ባሻ፥ ቦራ ተሸጧል» አለ።

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ድምፁ መለሰ። «ለምን ነገርከኝ?»

«ስለጠየቁኝ ነው።»

በዚያን ቀን ምንም ትልቅ ነገር አልሆነም። ሽማግሌው «ተቀመጥ» አላለውም። ዱላውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ጎኑ አጋደመው፤ ሌላ ምንም የለም። ምኒችል ግን ይህን አይቶ ልቡ ሞቅ አለው።

ሰው ሲታመን እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ዓይን የማይሞላ ነገር ነው። ነገር ግን ጊዜ አልነበራቸውም። ከጋቢው ሥር ሽታ መውጣት ጀምሮ ነበር። ቤተሰቡ ሽታውን ያውቃሉ፤ እሱ ሲጠይቅ ግን «የቆዳው ነው፥ የግርግሙ ነው» ይሉታል። ምኒችል አንድ ጠዋት ገባና በርቀት ቁጭ አለ።

«ባሻ፥ እግርዎ ይሸታል» አለው። «ዝም ብል መዋሸት ይሆንብኛል።»

እንዲህ የተባለ ሰው ምን ይሰማዋል? ሽማግሌው ዱላውን በእጁ ፈለገ፤ አገኘው፤ አላነሣውም። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ቆዳ ነው ይሉኛል።»

«ቆዳ አይደለም። ልየው?»

«አትነካውም!»

«አልነካውም። በዓይኔ ብቻ ነው የማየው። ያየሁትን ሁሉ እነግርዎታለሁ።»

ሽማግሌው ራሱ ጨርቁን ፈታ። ምኒችል እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ጎንበስ አለ። ቅልጥሙ አብጦ አብረቅርቋል፤ ሥሩ መግል ቋጥሯል፤ ቅላቱ ወደ ጉልበቱ ሽቅብ እየወጣ ነው። ሁሉንም እንዳየው ተናገረ። ሲጨርስም፥ «ይህ በእኔ አቅም አይሆንም። ድሬሰር መጠራት አለበት» አለ። በዚያን ዘመን በገጠር ሐኪም የለም፤ ድሬሰር የሚሉት ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነው ከወረዳው ከተማ በበቅሎ እየዞረ ሕዝቡን የሚያክመው።

ልጁ ይህን ሲሰማ ከእርሻ ሮጦ መጣ። ቤቱ ጓሮ ተሰብስበው መከሩ። አንዱ ጎረቤት፥ «ጠንካራ አረቄ በማር በጥብጠን እንስጣቸው፤ ሲተኙ ይበጣል» አለ። ሌላው፥ «ምን አረቄ ያስፈልጋል? እንይዛቸዋለን። እኛ ስንቱን ወይፈን እናጋድም የለም እንዴ?» አለ።

ምኒችል፥ «አይሆንም» አለ።

ልጁ ዞሮ አፈጠጠበት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይሙት ነው የምትለው? አባቴ እኮ ነው! አንተ ትናንት የመጣህ ሰው፥ ቢሞት ጓዝህን ጠቅልለህ ትሄዳለህ። እኔ ነኝ የምቀብረው!»

ሰውዬው እውነቱን ነበር። ምኒችል ግን፥ «ይዛችኋቸው ይድኑ ይሆናል» አለ። «ከዚያ በኋላስ? እንቁላልም ድንችም እምቢ ቢሉ ከማን እጅ ይበላሉ? መጀመሪያ ልንገራቸው። እሺ ካሉ ሁላችንም ዳንን።»

«እምቢ ካለስ?»

«እንደገና እጠይቃቸዋለሁ።»

ልጁ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። «በል ሂድ፥ ሞክር» አለው።

ምኒችል ሄዶ ሁሉን ነገር ዘረገፈለት። ድሬሰሩ በነገው እንደሚመጣ ነገረው፤ ስለ አረቄው ነገረው፤ ጎረምሶቹ ሊይዙት እንደነበረም አልደበቀውም። ሽማግሌው ይህን ሲሰማ እንደዚያን ጊዜው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መንቀጥቀጡ እስኪያልፍለት ድረስ ምኒችል ጠበቀው።

«ያማል?» አለ በመጨረሻ።

«ያማል። ድሬሰሩ ማደንዘዣ አይዝም ይላሉ። በጣም ነው የሚያም።»

«እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው አትለኝም?»

«አልልዎትም።»

«አልችል ብልስ? መሐል ላይ በቃ ብልስ?»

«በቃ ካሉ አስቆማለሁ።»

ሽማግሌው በምሬት ሳቀ። «እንዲህ ያላለኝ ማን አለ? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለ። ቢሆንም፥ ምን እንደታየው እንጃ፥ ጥቂት ቆይቶ፥ «ይምጣ» አለ።

በማግስቱ ድሬሰሩ መጣ። ቸኩሏል፤ ሌላ ሰፈርም በሽተኛ ይጠብቀዋል። ሽማግሌውን ደጅ ፀሐይ ላይ አጋደሙት። ልጁ፥ ምራቱና ጎረቤቶቹ ዙሪያውን ቆሙ። ምኒችል ራስጌው ተቀምጦ የሚሆነውን ሁሉ በየተራ ይነግረዋል። «አሁን በአልኮል ይጠርገዋል፥ ይቀዘቅዝዎታል። አሁን ምላጩን አነሣ። አሁን ነው፥ ባሻ።»

ምላጩ ሲያርፍበት ሽማግሌው ጋቢውን ነከሰ። መግሉ ግንፍል ብሎ ወጣ። ድሬሰሩ በጣቱ እየጨመቀ ወደ ውስጥ ዘለቀ። የሽማግሌው ጀርባ እንደ ደጋን ተወጠረ። ከዚያም ጋቢውን ከአፉ ተፍቶ ጮኸ።

«በቃ!»

ድሬሰሩ አላቆመም። «ገና ግማሹ ነው» አለ ቀና ሳይል። «አሁን ከተተወ ይመረቅዛል፤ ባልጀመርነው ይሻል ነበር። ኑ ያዙልኝ!»

ጎረምሶቹ ጎንበስ አሉ። ልጁም ጎንበስ አለ። ምኒችል ቁስሉን አየ። ድሬሰሩ ያለው እውነት መሆኑን አወቀ። እሱም ቢሆን ሰውዬውን መያዝ፥ አጥብቆ መያዝና ነገሩን መጨረስ አሰኘው። ማን ይፈርድበታል? ነፍስ አዳነ ነው የሚባለው። ሽማግሌው እንኳ የማን እጅ እንደያዘው አያይም። ደግሞ ልጁ «እኔ ነኝ የምቀብረው» ያለው ጆሮው ላይ ነው። እጁ ወደ ሽማግሌው ትከሻ ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ።

ከዚያ ተነሣና መዳፉን በምላጩና በእግሩ መካከል አስገባ።

«በቃ ብለዋል» አለ። «ሁላችሁም ፈቀቅ በሉ።»

ጩኸት ሆነ። ልጁ ደረቱን እየመታ፥ «አባቴን ገደልከው!» አለው። ጎረቤቶቹ ሰደቡት። ድሬሰሩ ተቆጥቶ ምላጩን ሳህኑ ላይ ጣለና እጁን መታጠብ ጀመረ። ምኒችል ግን አንዱን በእጁ፥ ሌላውን በትከሻው እየገፋ ሁሉንም አራቀና ተመልሶ ሽማግሌው ጎን ተንበረከከ።

«ባሻ፥ ቆሟል» አለው። «ማንም አልያዘዎትም። ድሬሰሩ ምላጩን አስቀምጦ እጁን እየታጠበ ነው። ሥራው አላለቀም፤ መግሉ ግማሹ ውስጥ ነው። ካልወጣ ይገድልዎታል ብዬ እፈራለሁ። እግሩ ግን የእርስዎ ነው።»

ሽማግሌው ያለከልካል። ቀኝ እጁን ዘርግቶ አየሩን ዳበሰ፤ ማንም የለም። ግራውን ዘረጋ፤ እዚያም የለም። የያዘው ሰው እንዳለ ይፈልግ ነበር። ሲያጣ እንደገና ዘረጋ። በመጨረሻ እጁ የምኒችል ክንድ ላይ አረፈ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ትንቀጠቀጣለህ እኮ።»

«ፈርቼ ነው።»

«ምን ያስፈራሃል?»

«እንዳይሞቱብኝ ነው፥ ባሻ።»

ሽማግሌው ይህን ቃል ሲሰማ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተፈታ። ብዙ ሰው ፈርቶለት ነበር፤ ፍርሃቱን ያዋየው ግን አልነበረም። ሁሉም ደፋር መስሎ፥ ምንም አይደለም እያለ ነበር የሚቀርበው። እጁን ከክንዱ ላይ ሳያነሣ ፊቱን ወደ ውሃው ድምፅ መለሰ።

«ድሬሰር!» ብሎ ተጣራ። «ና ጨርስ።» ከዚያ ወደ ምኒችል ዞረ። «አንተ ደግሞ ያዘኝ። አጥብቀህ ያዘኝ። አሁን ብጮህም እንዳትለቀኝ።»

ምኒችል ያዘው። ሽማግሌው ጮኸ፤ አሁንም ጮኸ፤ እሱም አልለቀቀውም። እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ የቆሙትም ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ።

ቁስሉ ለመዳን ጊዜ ወሰደ። እግሩም እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ እያነከሰ ቀረ። ሰውየው ግን ሌላ ሰው ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ብቻውን ገባና ከአባቱ እግር ሥር ተቀመጠ። «አባባ፥ ቦራን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼዎታለሁ» አለው። አባትየው፥ «ካወቅሁት ቆይቻለሁ። ከአንተ አፍ እስኪወጣ ነበር የምጠብቀው» አለና፥ «በል እራት አቅርቡና አብረን እንብላ» አለ። በአንድ ትሪ ዙሪያ ቀረቡ። ምራቱም ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፥ «አባባ፥ ምስር ወጥ ነው፥ ትንሽ ጨው በዝቶበታል» አለችው። «በዝቶበታል» አለ ቀምሶ፤ በላውም።

እማሆይ ታሪኩን እዚህ ላይ አበቁ። ትርንጎ ጉንጯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ግን እማሆይ» አለች፥ «ጨርስ ባይለውስ? ቢሞትስ ኖሮ?»

«ሊሞት ይችል ነበር» አሉ እማሆይ። «ይህን አልደብቅሽም። ምኒችል የተንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። በዋዛ የተደረገ ነገር አይደለም። እኔም ሁሉን ነገር ተዪ አላልኩሽም፤ እንደ ሕፃን የሆነ፥ የሚሆነውን የማይለይ ሰው አለ፤ ለእሱ የሚበጀውን ሐኪሞቹን እየጠየቃችሁ ታደርጋላችሁ። እትዬ አስካለ ግን እንደዚያ ናቸው?»

«አይደሉም። ሁሉን ያውቃሉ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወደ እናንተ ቤት ያመጧቸው ምን ብለው ነው?»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። «ዘመዶቻቸው ናቸው ያመጧቸው። ለሕክምና ነው፥ ለጥቂት ቀን ነው ብለዋቸው ነው።»

«አንቺንስ ይጠይቁሻል?»

«በየቀኑ። መቼ ነው የሚወስዱኝ ይሉኛል።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«ነገ ይመጣሉ እላቸዋለሁ። እንዳይከፋቸው ብዬ ነው።»

«ይመጣሉ?»

«አይመጡም፥ እማሆይ። ቤቱንም ሸጠውታል።»

እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው የልጅቱን እጅ ያዙ። «እንግዲህ ልጄ፥ ያ ሽማግሌ እትዬ አስካለ ናቸው። ዱላ የላቸውም፤ ያላቸው አፋቸውን መግጠም ብቻ ነው። አንቺ ደግነት አላነሰሽም። ምኒችልም የመጀመሪያው ቀን ደግነት አላነሰውም ነበር። ጠዋት ‹ነገ ይመጣሉ› ያላቸው አፍና ቀትር ላይ ማንኪያ የሚያቀርበው እጅ የአንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ይህን ያውቃሉ። የቤቱ ነገር ዘመዶቻቸው ራሳቸው መጥተው ሊነግሯቸው የሚገባ ነው፤ እንዲመጡ አስጠሪያቸው። አንቺ ግን የራስሽን አፍ ዛሬውኑ አስተካክይ። ምን ይዘሽ እንደመጣሽ ንገሪያቸው። ልትነኪያቸው ስትይ ጠይቂያቸው። እምቢ ሲሉሽ ማንኪያውን መልሺ፤ ቆይተሽ ደግሞ ጠይቂ። እምቢ ማለት ያልተፈቀደለት ሰው እሺ ቢልሽ ምን ዋጋ አለው? ተሸንፎልሽ እንጂ አምኖሽ አይደለም።»

«ነገ ሲጠይቁኝስ ምን ልበላቸው?»

«‹እስካሁን ነገ ይመጣሉ ስልዎት የነበረው ውሸት ነበር፤ መቼ እንደሚመጡ አላውቅም፤ ጠርቻቸዋለሁ› በያቸው።»

«ቢያለቅሱስ?»

«ያልቅሱ» አሉ እማሆይ። «አታባብያቸው። አጠገባቸው መቀመጥ ይፈቅዱልሽ እንደሆነ ጠይቂያቸውና ከፈቀዱልሽ አብረሻቸው ተቀመጪ። አንቺም እንባሽ ከመጣ አትደብቂያቸው። ምግቡ ይቀዝቅዝ ግድ የለም፤ እሳቸው ራሳቸው አሙቂልኝ እስኪሉሽ ድረስ ቆዪ።»